የጋሼ አስናቀው ግራጫ

እኔ ባህረዲን ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቀለም ሸጫለሁ። የቤት፣ የበር፣ የመኪና፣ የመቃብር አጥር ቀለም ሳይቀር። እንደ ጋሼ አስናቀው ጨጓራዬን የላጠ ደንበኛ ግን የለም። ይህን የምለው ጠልቻቸው አይደለም። ወላሂ እወዳቸዋለሁ። የሚወዱት ሰው ሲያናድድ ግን ከማንም ይብሳል።

ጋሼ አስናቀው የጎጃም ሰው ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ ገና ጢም ሳያበቅሉ አየር ኃይል ገብተው ደብረ ዘይት ላይ የጦር አውሮፕላን ቀለም ቀቢ ሆኑ። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ሚስታቸውን እትዬ ሙሉዬንና አንድ የብረት ሳጥን ይዘው መርካቶ መጡ። ሶማሌ ተራ አጠገብ በአንድ ጋራዥ ውስጥ የተጋጨ መኪና ሲቀቡ ብዙ ዓመት ቆዩ። በኋላ የጋራዡ ባለቤት “ጋሼ፣ እርስዎ የሚቀቡት በር ከመኪናው ጋር አልገጥም እያለ ነው” ብሎ አሰናበታቸው። እሳቸው ጥፋቱን ወደ ራሳቸው አላስጠጉትም። “የዘመኑ ቀለም ተበላሽቷል፤ ሁሉም ውስጥ ቢጫ ይጨምራሉ” አሉ። ከዚያ ወዲህ ምናለሽ ተራ ተቀምጠው ፋኖስና ማንቆርቆሪያ ይበይዳሉ።

በ1996 ዓ.ም. የካቲት ላይ አንድ ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፈው ሱቄ መጡ። ባንኮው ላይ አስቀምጠው ፈቱት። አውሮፕላን ነው።

“ኤፍ ፋይቭ ተዋጊ ጄት ነው” አሉኝ። “ከእውነተኛው አንድ ለሃያ አንሶ።”

እውነቱን ልናገር፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ርዝመቱ አንድ ክንድ ተኩል ይሆናል። ገላው ከዋንዛ እንጨት ተጠርቦ፣ በስቱኮ ተደፍኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያንሸራትት ድረስ ተፍቋል። ክንፎቹ የዘይት ቆርቆሮ ናቸው። የአብራሪው መስኮት ከሃይላንድ ጠርሙስ ተቆርጦ በእንፋሎት ተቆልምሟል። ክንፉ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ምስማር ሳይቀር ቆርቆሮውን ከጀርባ በመርፌ እየወጉ አውጥተውታል። ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ጀርባው ከጋራዥ በተረፈ አረንጓዴና ቡኒ ተቀብቶ አልቋል። የቀረው ሆዱ ብቻ ነው።

“የሆዱን ግራጫ አንተ ትበጠብጥልኛለህ” አሉ።

“ምን ችግር አለ? አምስት ደቂቃ ይቀመጡ” አልኳቸው። አምስት ደቂቃ ያልኩት ነገር አራት ወር ፈጀ።

ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለች መዳፍ የምታህል ቆርቆሮ አወጡ። ከተጣለ ኤፍ ፋይቭ ሆድ ላይ የተቆረጠች ናት። ሠላሳ ዓመት በዚያ በብረት ሳጥን ውስጥ ፀሐይ ሳያያት ኖራለች። እኔም ናሙና ካለልኝ ሥራዬን አውቃለሁ። ነጭ ላይ ጥቁር ጠብ ታደርጋለህ፣ ታማስላለህ፣ በቃ ስትል አንድ ጠብታ ናሙናው ላይ ትቀባለህ። ደርቆ ጠብታው ከጠፋብህ ልክ ነው፣ ከታየህ ልክ አይደለም። ሌላ ፈተና የለውም። ቀባሁ፣ ደረቀ፣ ብፈልገው አጣሁት። በአንድ ጊዜ መግጠሙ ለኔም ገርሞኝ ቆርቆሮዋን አቀበልኳቸው።

እሳቸው ቆርቆሮዋን ትተው ጣሳው ውስጥ ተመለከቱ። “ቢጫ አለበት” አሉ።

“ቢጫ? ጋሼ፣ የከፈትኩት ነጭና ጥቁር ነው። የቢጫ ጣሳ አልነካሁም።”

“ከፋብሪካው ነው የሚጨምሩበት።”

“እሺ ከቆርቆሮዋ ጋር ያስተያዩት። አንድ ነው።”

“ቆርቆሮዋማ አርጅታ ቢጫ ሆናለች። እኔ የምፈልገው የማውቀውን ነው። ትንሽ ሰማያዊ ጨምርበት።”

ቆርቆሮዋን ካላመኗት ለምን ይዘው መጡ? ይህን ጠየቅኳቸው። “አንተ እንድትነሳባት ነው እንጂ እንድትቆምባት አይደለም” አሉኝ። ያችን የመጀመሪያ ጣሳ በንዴት ክዳኗን ጠርቅሜ፣ ቆዳ እንዳታወጣ ገልብጬ፣ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ወረወርኳት። አንድ ቀን አፍንጫቸው ላይ እደቅናታለሁ ብዬ ነው። ሌላ ጣሳ አንስቼ ሰማያዊ ጨመርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምኑን እነግራችኋለሁ። በሲኒ የሚለካ ቀለም ይወስዳሉ፣ ቤት ገብተው ይቀባሉ፣ በሳምንቱ ሆዱን መልሰው ፍቀው ይመጣሉ። “አሁንም ቢጫ አለበት። ትንሽ ሰማያዊ።” እጨምራለሁ። በሳምንቱ ያው ናቸው። ጎረቤቴ ሽኩር ቁልፍና ማጠፊያ ሻጭ ነው፤ ሥራ ሲፈታ ሰው መልከፍ ነው የሚወደው። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት “ባህረዲን፣ አውሮፕላኑ ተነሣ ወይስ አየሩ አልተስማማውም?” ይለኛል። እሱንም የምገድለው መስሎኝ ነበር።

በሰባተኛው ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ቀኑ ቅዳሜ ነው። መርካቶ ቅዳሜ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። የሱቄ ደጃፍ ላይ አሥር ሰው ቆሟል። እሳቸው በሰው መሃል ተሹለክልከው ገብተው አውሮፕላኑን ባንኮው ላይ በጀርባው አስተኙት።

“ጋሼ” አልኳቸው፣ “በአላህ ይዤዎታለሁ። ይሄ ነገር ቆሞ ነው የሚቀመጠው። ማንም ገልብጦ ሆዱን አያይም።”

“እሱ ያያል” አሉ።

“እሱ ማን ነው?”

ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ። ነገሩ የሆነው በ1961 ዓ.ም. ነው። መቶ አለቃ ፈለቀ የሚባል ወጣት አብራሪ የሚበርበት ኤፍ ፋይቭ ሆዱ ተጭሮ ኖሮ ጋሼ አስናቀው ቆርቆሮ ለጥፈው ቀቡት። በማግስቱ ሁሉም ተሰልፎ ሳለ መቶ አለቃው ጎንበስ ብሎ አየና “ልጥፉ ከሩቅ ይታያል። አንተ ዓይን የለህም” አላቸው፣ በጓደኞቻቸው ፊት። በዚያው ሳምንት ከቀለም ቤት ወጥተው ጎማ አጣቢ ሆኑ። ብዙ ዓመት ጎማ አጠቡ።

“የኔ ቀለም ልክ ነበር” አሉኝ። “ዙሪያውን የነበረው አሮጌው ቀለም ነው ፀሐይ የበላው። አዲስ ቀለም ፀሐይ ከበላው ጎን ሲሆን እንደሚለይ አንተ ታውቃለህ።”

አውቃለሁ። ቀለም የነካ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

“ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልነገሯቸውም?”

“አሥር አለቃ ለመቶ አለቃ? ልጅ ነህ እንዴ አንተ?”

ያ መቶ አለቃ ዛሬ ጡረታ የወጡ ኮሎኔል ናቸው። ደብረ ዘይት ይኖራሉ። በየዓመቱ ለሰኔ ሚካኤል ዝክር የድሮ ባልደረቦቻቸውን ይጠራሉ። ጋሼ አስናቀው በየዓመቱ ጥሪው ደርሷቸው አንድም ቀን ሄደው አያውቁም። ዘንድሮ ሊሄዱ ነው። አውሮፕላኑን ሆዱን ወደ ላይ አድርገው ሊሰጧቸውና አንዲት ቃል ሊጠብቁ ነው፤ “ልክ ነው” የምትል ቃል። ሠላሳ አምስት ዓመት የጠበቋት ይህችን ነው።

ይኸው አሁን ጭራሽ ባሰብኝ። ሰው በዋዛ ሲያስቸግርህ ታባርረዋለህ። እንዲህ ያለ ነገር ከነገረህ በኋላ ወዴት ታባርረዋለህ? ዝም ብዬ ሰማያዊ ጨመርኩ።

በአሥራ አንደኛው ጣሳ ላይ ፊታቸው በራ። “ይኼ ነው” አሉ። “ይኼ ነው፣ ባህረዲን።” ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ ጣሳውን አየሁት። ግራጫ አትሉት፣ ሰማያዊ አትሉት፤ የታክሲ ቀለም ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው።

“ጋሼ፣ ትንሽ ሰማያዊ አልበዛበትም?” አልኳቸው።

“አንተ ዓይን የለህም” አሉኝ።

እኔን! ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ዓይን የኖርኩትን! በውስጤ ተቃጠልኩ። ግን ተገላገልኩ ብዬ ዋጥኩት።

የዝክሩ ዋዜማ ዓርብ ነበር። ሚስቴ ሰዓደት አዲስ ጀለቢያ ገዝታልኝ በዚያው ጠዋት ከላስቲኩ አውጥታ አለበሰችኝ። ከጁምዓ ስመለስ ጋሼ አስናቀው ሱቄ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። አውሮፕላኑ እንዳይጫጫር የምጠቀልልበት ስፖንጅ ካለህ ሊሉኝ ነው የመጡት። ከላይ እስከ ታች አዩኝና “ይሄ ቅቤማ ልብስ እንዴት አምሮብሃል” አሉ።

ቅቤማ? ጀለቢያዬ ከወተት የነጣ ነው። ቀልዳቸውን መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። ፀሐዩ ፊት ለፊት ያበራባቸዋል፤ በዓይናቸው ብሌን ላይ ስስ ጉም ተጋርዷል። ያን ጉም አውቀዋለሁ። አባቴ ዓይናቸውን ሞራ ሲይዛቸው ወተቱ ለምን ቢጫ ሆነ እያሉ እናቴን ይቆጡ ነበር። ወዲያው ሁሉም ነገር ገባኝ። የፋብሪካው ቢጫ፣ የቆርቆሮዋ ቢጫ፣ የጋራዡ በር፣ ሁሉም። ቢጫው ቀለሙ ውስጥ አልነበረም። አራት ወር ሙሉ ከሰውዬው ጋር ስከራከር አንድ ቀን እንኳ ዓይናቸውን ቀና ብዬ አላየሁም።

ስፖንጁን ሰጥቼ ሸኘኋቸውና በሌላ መንገድ ወደ ቤታቸው ሮጥኩ። እትዬ ሙሉዬ ደጃፍ ላይ ምስር ይለቅማሉ። የደረስኩበትን ነገርኳቸው። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

“አውቃለሁ” አሉ። “ነጠላሽን ለምን አታጥቢውም ማለት ከጀመረ ዓመት አልፎታል።”

“ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?”

“ዓይን የለህም ከተባለ ሰው ጋር ነው የኖርኩት፣ ልጄ። ያንን ቃል ደግሞ እኔ ልድገምለት?”

እሳቸው አይነግሩም፣ እኔም በዋዜማው አፌ አልፈታ አለኝ። ሰውዬው ነገ ያን ሰማያዊ ሆድ ይዘው ሊሄዱ ነው። ኮሎኔሉ ያንኑ የድሮ ቃል ቢደግሙላቸው ማን ደግፎ ያመጣቸዋል? እኔ ነኝ የበጠበጥኩት። ስለዚህ ቅዳሜ ቀን፣ አዎ ቅዳሜ፣ ሱቄን ዘግቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ሽኩር ቆልፌ ስወጣ አይቶ ሰው ሞተ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ኮሎኔል ፈለቀ ረዥም፣ ከሲታ ሽማግሌ ናቸው። ጾም ስለሆነ ሥጋ የለም፤ ለኔም ተመቸኝ። እንግዳው ሁሉ በልቶ ወሬ ይዟል። ኮሎኔሉ የጋሼ አስናቀውን እጅ ይዘው ብዙ አሰቡ።

“አስናቀው… አንተ ጎማ አጣቢው አይደለህም?”

ጋሼ አስናቀው ቀጥ ብለው ቆሙ። “ከዚያ በፊት ቀለም ቤት ነበርኩ፣ ጌታዬ።”

ስፖንጁን ፈትተው አውሮፕላኑን ሆዱን ወደ ላይ አድርገው ሰጧቸው። ኮሎኔሉ አውሮፕላኑን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። ዘነበል አደረጉት፣ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔ በሆዴ ያ አላህ፣ ያ አላህ እላለሁ።

“ይኼ ልክ ነው” አሉ ኮሎኔሉ። “ትክክለኛው የሆድ ቀለም ይኼ ነው። አስናቀው፣ አንተ ዓይን አለህ።”

ጆሮዬን አላመንኩም። ቀና ብዬ ኮሎኔሉን አየሁ። መስኮቱ ጋ ቆመዋል፣ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ነው። ያው ጉም። በሁለቱም ዓይናቸው።

ልጃቸው እስከዳር ብርጭቆ ስታነሳ አጠገቤ መጣችና ዝቅ ባለ ድምፅ “ሰማያዊ ጄት ነበራቸው እንዴ?” አለችኝ።

“ግራጫ ነው” አልኳት።

“ኧረ ሰማያዊ ነው።”

“እቴ፣ ቀለም የምሸጠው እኔ ነኝ። ግራጫ ነው።” አራት ወር ሙሉ በዚያ ሰማያዊ ስቃጠል የኖርኩት ሰውዬ ነኝ ይህን ያልኩት። እሷም ገባት መሰለኝ፣ አባቷ ለዓይናቸው የመስከረም ቀጠሮ እንደያዙ በሹክሹክታ ነገረችኝና ሄደች።

አውሮፕላኑ እዚያው ቀረ፣ እኛ በሚኒባስ ተመለስን። ጋሼ አስናቀው ዱከምን እስክናልፍ ፈገግ እንዳሉ ነበሩ። እዚያ ዝም ብዬ ብቀመጥ ምን ነበረበት? ግን ዞር ብለው “ያን ቅቤማ ልብስ ዛሬ ብትለብሰው ኖሮ” አሉኝ።

አላስቻለኝም። “ጋሼ፣ ጀለቢያዬ ነጭ ነው” አልኳቸው፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። “እትዬ ሙሉዬ ነጠላቸውን ያጥባሉ። ፋብሪካውም ቢጫ አይጨምርም። ዓይንዎን ሞራ ይዞታል፣ ይታከሙ።”

“ሆዱስ?” አሉ።

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁ።

“ባህረዲን፣ ሆዱስ?”

“ሰማያዊ ነው” አልኳቸው።

“እሳቸው ግን ልክ ነው አሉ።”

“እሳቸውንም ይዟቸዋል።”

እስከ ቃሊቲ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተጓዙ። የገደልኳቸው ያህል ተሰማኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ሱቄ አልመጡም። ሰላም አገኘሁ ማለት ነው። ግን በየቅዳሜው በሩን በሩን ስመለከት እውል ነበር፤ ይህን ለሽኩር አልነገርኩትም።

ነሐሴ ላይ ጥቁር መነጽር አድርገው ብቅ አሉ። እትዬ ሙሉዬ ይዘዋቸው ሄደው ሁለቱም ዓይናቸው ታክሟል። መነጽሩን አወለቁና ሱቄን ዞር ዞር ብለው አዩ። “ግድግዳህ ነጭ ነው ለካ” አሉ። ከዚያ ቆርቆሮዋን ከኪሳቸው አወጡ።

“ያችን የመጀመሪያ ጣሳ ጣልካት?”

በወንበር ወጥቼ አወረድኳት። በንዴት ያስቀመጥኩት ነገር እንዲህ ይጠቅማል ብዬ አላሰብኩም። ከፈትኳት፤ ቆዳ አላወጣችም። ራሳቸው በጣታቸው ነክረው ቆርቆሮዋ ላይ ቀቡ። እስኪደርቅ ተቀምጠን ጠበቅን። ከደረቀ በኋላ ጠብታውን በዓይናቸው ፈለጉት፣ በጥፍራቸው ፈለጉት፣ አጡት።

“ልክ ነበርክ” አሉኝ። “በመጀመሪያው ቀን።”

“አልሐምዱሊላህ። በቃ፣ ነገሩ አለቀ። ኮሎኔሉም ዓይን አለህ ብለውዎታል። ምን ቀረ?”

“እሱ አይቆጠርም” አሉ።

“እንዴት አይቆጠርም?”

“በተሳሳተው ላይ ነው ልክ ነው ያለኝ።”

በጆሮዬ የሰማሁት ነው፣ ሃያ ሰው የሰማው ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት የፈለጉትን ቃል እጃቸው ካስገቡ በኋላ አይቆጠርም ብለው መልሰው ይጥሉታል። እንዲህ ያለ ገገማ ሰው አይቼ አላውቅም። ጣሳዋን ብብታቸው ስር አድርገው ወጡ። ለእስከዳር ስልክ አስደውለው አውሮፕላኑን አስላኩ፣ ሆዱን ፍቀው እንደገና ቀቡት።

የኮሎኔሉ ዓይን በመስከረም ታከመ። በሦስተኛው ሳምንት ሄድን። ቀኑ ምን ነበር? ቅዳሜ ነዋ።

ኮሎኔሉ አውሮፕላኑን ተቀብለው በሩ ጋ ወጡ። በዚያ በመስቀል ሰሞን ፀሐይ ሆዱን ወደ ላይ አድርገው አዩት።

“ያኔ ያመጣህልኝ ነው?” አሉ።

የጋሼ አስናቀውን ክንድ ጨበጥኩ። አዎ ይበሉ፣ ምን ይጎዳዎታል ማለቴ ነው። እጄን አነሱት።

“ገላው ያው ነው። ቀለሙ ግን አይደለም፣ ጌታዬ። ያኛው ሰማያዊ ነበር። ሁለታችንም አላየንም።”

ከዚያ ቆመው የ1961ን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገሩ። ልጥፉን፣ ሰልፉን፣ ፀሐይ የበላውን አሮጌ ቀለም፣ ጎማውን። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

ኮሎኔሉ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። አውሮፕላኑን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ሆዱን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

“እኔ አላስታውሰውም” አሉ። “ተናግሬው ወዲያው ረስቼው ይሆናል።”

“እኔ አልረሳሁትም፣ ጌታዬ።”

“አውቃለሁ።” ቀና ብለው አዩአቸው። “ይኼ ልክ ነው፣ አስናቀው። ያም ልክ ነበር። ያኔ ዓይኔ ጤነኛ ነበር፤ ያላየሁት ግን እኔ ነኝ።”

ጋሼ አስናቀው እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አንስተው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ። ኮሎኔሉም ተነሥተው መለሱላቸው። እኔ ወደ ግቢው አጥር ዞሬ የአጥሩን ቀለም አየሁ። ሁለተኛ እጅ ቅብ ያስፈልገው ነበር።

ስንመለስ እሳቸው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። እኔም አንድ ነገር ከትከሻዬ እንደወረደ ተሰምቶኝ እንቅልፍ ወሰደኝ። አለቀ፣ ከእንግዲህ ሥራዬን በሰላም እሠራለሁ ብዬ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አውሮፕላኑን ታቅፈዋል፤ ለካ ሳላይ ከደብረ ዘይት መልሰው ይዘውት መጥተዋል።

“ምን ሆነ ደግሞ?” አልኳቸው።

“አሁን ሳየው” አሉ፣ “አረንጓዴውም ልክ አይደለም።”